ከአዘዞ እስከ ሹምሸሃ

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ በአዘዞ ሜዳ ላይ ከተዘረጋው ከዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ፣ ከላሊበላ ከተማ በታች በሹምሸሃ ሜዳ እስካለው ማረፊያ ድረስ ያለው ርቀት በአየር ቀጥታ ሲለካ 180 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የዛሬው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላንም ይህንኑ በግማሽ ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። በመኪና የሚጓዝ ሰው ግን በወረታ ታጥፎ፣ ደብረ ታቦርን፣ ንፋስ መውጫንና ጋሸናን አልፎ፣ 350 ኪሎ ሜትር የሚያህል ጥምዝምዝ መንገድ ስለሚጠብቀው፣ በማለዳ ተነሥቶ ጀንበር ሳትጠልቅ ከደረሰ መንገድ ቀናው ይባላል። በእግሩ የሚሄደው ተሳላሚ ደግሞ ኪሎ ሜትር የሚባለውን ነገር ከቁም ነገር ሳይቈጥር፣ ቀኑን በአቀበትና በቁልቁለት፣ በወንዝና በማደሪያ እየለካ ዐሥር ቀንም ዐሥራ ሁለት ቀንም ይገሠግሣል። መነሻቸውና መድረሻቸው አንድ የሆነ እነዚህ ሦስት መንገደኞች ስለ ርቀቱ ቢጠየቁ ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ይሰጣሉ፤ ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ከሦስቱ መልሶች በመጽሐፍና በሰሌዳ ተጽፎ የምናገኘው የአውሮፕላኑና የመኪናው ሲሆን፣ ረጅም ታሪክ ያለው ግን የእግረኛው ነው።

የቀድሞ ሰዎች መንገድን የሚሰፍሩት በጊዜ ነበር። አንድ ቦታ የደኅና በቅሎ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ለጭነት አህያ ግን ቀን ተኩል ነው፣ በክረምት ደግሞ ወንዙ ካልጐደለ አይታወቅም ተብሎ ይነገር ነበር እንጂ፣ ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል ክንድ ነው ብሎ የሚመልስ ሰው አልነበረም። የጎንደር ነገሥታት ዜና መዋዕል ጸሓፊዎችም ይህንኑ ልማድ ወደ ብራና አግብተው፣ ንጉሡ በዚህ ወር በዚህ ቀን ከዚህ ቦታ ተነሥቶ በዚያ ሰፈረ፣ በማግሥቱም ከዚያ ተነሥቶ በእገሌ ወንዝ ማዶ አደረ እያሉ፣ የሰፈሩን ስም በተርታ ሳይሰለቹ ያሰፍራሉ። ለታሪክ የሚቸኩል አንባቢ ይህን የስም ሰልፍ ገጽ እየገለጠ ማለፍ ይወዳል፤ እኔ ግን ከነገሥታቱ ገድልና ከምርኮው ብዛት ይልቅ ይህ የሰፈር ዝርዝር የበለጠ የሚታመን ክፍል ነው ብዬ እፈርዳለሁ፤ ጸሓፊው ጌታውን ለማስደሰት የጠላትን ቍጥር ሊያበዛ ይችላል፣ የማደሪያውን ስም ለመዋሸት ግን ምንም ምክንያት አልነበረውምና።

መሬቱንም ማየት ያስፈልጋል። ከጎንደር ወደ ምሥራቅ፣ ላሊበላ ወዳለችበት ወደ ላስታ የሚያቀና ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው የበለሳ ቆላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቡግና ሸንተረሮች ተራ በተራ ይነሣሉ፣ የተከዜና የገባሮቹ ሸለቆዎችም ምድሩን ሰነጣጥቀው ይወርዳሉ። ዐይን አሻግሮ የሚያየው መንደር፣ የከብቱ ጩኸት የሚሰማበት፣ ጢሱ የሚታይበት መንደር፣ ገደሉ ተወርዶ ውሃው ተሻግሮ ማዶው እስኪወጣ ድረስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ጓዝ ያለው መንገደኛ፣ ነጋዴም ሆነ የጦር አለቃ፣ ቀጥታውን ትቶ በስተደቡብ በደጋው ጀርባ፣ በጉና ተራራ ሥር በደብረ ታቦር በኩል አድርጎ ወደ መቄት መዞርን ይመርጥ ነበር። የዛሬው አስፋልትም የሚከተለው ከሞላ ጎደል ይህንኑ የደጋ ጀርባ ነው። በ4,120 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመው ጉና በአንድ ወገን፣ ከላሊበላ በላይ በ4,260 ሜትር ላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ በሌላ ወገን፣ የመንገዱ ሁለት ምስክሮች ናቸው።

በእግሩ የሚሄደው ተሳላሚ ግን ጓዙ ቀላል ስለ ሆነ ገደሉን አይፈራም። ለገና ላሊበላ ለመድረስ የተሳለ ሰው ኅዳር ጽዮንን ከዋለ በኋላ ስንቁን ማሰናዳት ይጀምራል፤ በሶው ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎው ይቆላል፣ ድርቆሹ ይደርቃል፣ ጾም ነውና ቋንጣ አይታሰብም። ከዚያ በኋላ ነጠላውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ ስንቁን በአቅማዳ አድርጎ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ማኅበር ሠርቶ ይወጣል። በመሸበት ቦታ የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ ይጠናል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፣ ከቤት ያለውን አቅርቦ፣ ከምድጃው አጠገብ መደብ ያነጥፍለታል። ታኅሣሥ 29 ቀን ሌሊት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በአለቱ ግንብ ላይ ቆመው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ፣ ከሥር በተፈለፈለው አደባባይ የተሰበሰበው ነጭ ለባሽ ምእመን አብዛኛው በዚህ ዐይነት የመጣ ነው። በዚህ ዘመን እንኳ የአውቶቡስ ዋጋ ሳያንሰው በእግሩ የሚሄድ ሰው አለ፤ ድካሙ የስእለቱ አካል ስለ ሆነ ርቀቱ እንዲያጥርለት አይፈልግም። ይህን ሰው የግማሽ ሰዓት በረራ ቢያቀርቡለት ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

በሁለቱ አገሮች መካከል የተመላለሰው ግን ተሳላሚ ብቻ አልነበረም። አዘዞ ዛሬ በአውሮፕላን ማረፊያውና በጦር ሰፈሩ የሚታወቅ ይሁን እንጂ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያንና ከነመዋኛው የተዋበ የመዝናኛ ግቢ የሠራበት፣ ኋላም የተቀበረበት ስፍራ ነው። ንጉሡ ወደ ሮማ ሃይማኖት በገባ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ አምርረው የተነሡበት የላስታ ሰዎች ነበሩ፤ በመልክዐ ክርስቶስ እየተመሩ ከተራራቸው ወርደው፣ በበጌምድር አልፈው፣ በ1624 ዓ.ም. በሰኔ ወር በወይና ደጋ ከንጉሡ ጭፍራ ጋር ተዋጉ። ድሉ የንጉሡ ቢሆንም በሜዳው ላይ ተኝቶ የነበረው ሬሳ የገዛ ሕዝቡ ስለ ነበረ፣ ሱስንዮስ ልቡ ተሰብሮ ሃይማኖቱን መልሶ፣ ዘውዱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ጎንደርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚሁ በፋሲለደስ ተቈረቈረች። እንግዲህ ከላስታ እስከ ጎንደር አካባቢ፣ እስከ ደንብያ ያለው መንገድ ለዘመቻ ጦር እንኳ የሚገፋ ርቀት እንደ ነበረ፣ ለንጉሥም መንግሥቱን ለማናወጥ የሚበቃ ቅርበት እንደ ነበረው ከዚህ ይታያል።

ስለ መንገድና ስለ ጊዜ ሲነገር ግን በዚህ ደጋ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ የሚበልጥ ታሪክ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ በጋፋት የነበሩት የአውሮፓ አንጥረኞች የሠሩላቸውን መድፎች ሁሉ፣ ከእነርሱም ጋር 7 ቶን የሚያህለውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው ርቀት በአየር ቀጥታ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ይኸውም ከአዘዞ እስከ ሹምሸሃ ካለው ያነሰ መሆኑ ነው። ይህን ርቀት ንጉሡ በስድስት ወር ገደማ ተጓዙት። መድፉ የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ መንገዱ አስቀድሞ መሠራት ነበረበት፤ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ቁጥቋጦው እየተመነጠረ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጐተቱ፣ በቁልቁለቱ ደግሞ እንዳይንሸራተት ወደ ኋላ እየያዙ፣ አንዳንዱን ቀን ከድንኳን እስከ ድንኳን የሚታይ ርቀት ብቻ ተራምደው ያድሩ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ፣ ፈሩን በእጃቸው ይቀዱ እንደ ነበር በዐይናቸው ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ዝቢጥን አልፈው፣ የጅዳን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው፣ በመጋቢት ወር መድፉን ከመቅደላ አደረሱት፤ በሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ሕይወታቸው አለፈ፤ ሴባስቶፖልም እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ ተጋድሞ ይገኛል።

በጦር ስልት ያዩት ሰዎች ይህን ጉዞ እንደ እልህ ብቻ ይቈጥሩታል። እኔ ግን በዚያ ደጋ ላይ መንኰራኵር እንዲሄድበት ተብሎ የተቀደደ መንገድ ከዚያ በፊት እንዳልነበረ ሳስብ፣ ከጦሩ ይልቅ መንገዱን የዘመናቸው ትልቅ ሥራ አድርጌ እመለከተዋለሁ። ከአዘዞ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚበረው አውሮፕላን በስተቀኙ ሩቅ የሚያየው ያንኑ የደጋ ጀርባ ነው፤ ማረፊያው በስማቸው የተጠራላቸው ንጉሥ ግማሽ ዓመት የፈጀባቸውን የሚያህል ርቀት መንገደኛው ቡናውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ያልፈዋል።

ቀጥታ የተባለው ርቀት በወረቀት ላይ የተገኘው ግን አውሮፕላን ከመፈልሰፉ አስቀድሞ ነው። አንቷን ዳባዲ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አጠገብ ዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ሲኖር፣ ጎንደርን ዋና መቀመጫው አድርጎ፣ ከተራራ ጫፍ ወደ ተራራ ጫፍ በመነጽር እያነጣጠረ፣ ማዕዘኑን እየለካ፣ ከምጽዋ እስከ ከፋ ያለውን አገር በሂሳብ ሰንሰለት አያያዘው። ያገሬው ሰው ነጩ ሰው በተራራ ላይ ቆሞ ምን እንደሚያነጣጥር ግራ ሳይገባው አልቀረም፤ ዳሩ ግን በዚያ ሥራ ምክንያት የአእዋፍ እንጂ የሰው ያልነበረው መስመር መጀመሪያ በቍጥር ተጻፈ።

አውሮፕላን ራሱ ወደ አገራችን የገባው በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለችው የፈረንሳይ አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ አጠገብ ስታርፍ፣ ንጉሥ ተፈሪና የከተማው ሰው ወጥተው ተቀበሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ሳይሞላ፣ ይህች አዲስ ፍጥረት ወደ በጌምድር ሰማይ ወጣች፤ የወጣችበትም ምክንያት መንገደኛ ለማድረስ አልነበረም። የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩት፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ ንጉሥ ተፈሪን ተቃውመው ጦራቸውን ወደ ምሥራቅ ሲያንቀሳቅሱ፣ የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ሊገጥሟቸው ወጡ፤ በዚያም ጊዜ አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ የጳጳሳቱን የግዝት ቃል የያዘ ወረቀት በተነ። በዚያ ደጋ ላይ ከሰማይ ከወረዱት የመጀመሪያ ጭነቶች አንዱ እንግዲህ ወረቀት ነበር፤ ያውም ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ያልቆመ ሁሉ የተወገዘ ነው የሚል።

የዚያን ቀን የነበረውን ወታደር ልብ ማሰብ ይገባል። ግዝት የሚያውቀው በካህን አፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስቀል ተይዞ ሲነገር ነው፤ አሁን ግን የማያውቀው ድምፅ በላዩ እያጓራ፣ ነጭ ወረቀት እንደ ላባ ወረደበት፤ ማንበብ የማይችለው ማንበብ ወደሚችለው ወስዶ አስነበበው፤ ያነበበውም ቃል የሊቀ ጳጳሱ የአቡነ ቄርሎስና የኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ቃል ሆኖ ተገኘ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት በሆነ ጊዜ ከአየር የወረደው ወረቀት ብቻ አልሆነም፤ ቦምብም ተጣለ። ራስ ጉግሣ በጦርነቱ ላይ ወደቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ዐረፉ። በአውሮፕላኑ ላይ የተቀመጡት ነጂዎች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ አብራሪዎች ለመባል የበቁት በዚያው ዓመት ገደማ ነው።

ጣሊያኖች ጎንደርን ከያዙ በኋላ በአዘዞ ሜዳ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠሩ፤ ከአሥመራ የሚመጣውንም መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ አጠማዝዘው አወረዱት። የአዘዞ ሜዳ ለጦር አውሮፕላን ያገለገለበት ዘመን አጭር ነበር። ከምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው ሁሉ መጨረሻ የቀረችላቸው ጎንደር ስለ ነበረች፣ ጄኔራል ናዚ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ማረፊያው የድል አድራጊዎቹ ሆነ። ላሊበላ በዚያ ዘመን ሁሉ በደህናው ቀን እንኳ በበቅሎ ካልሆነ የማይደረስበት አገር ሆኖ ቆየ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ አድርጎ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ሥራ የጀመረባቸው አውሮፕላኖች ከዓለም ጦርነት የተረፉ ዳኮታ የሚባሉት ዲሲ 3 ዎች ነበሩ። ዳኮታ መሬት ላይ ስትቆም ጭራዋ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ቀና ስለሚል፣ ተሳፋሪው ከኋላ በር ገብቶ ወደ ወንበሩ የሚደርሰው አቀበት እንደሚወጣ ሰው ጐንበስ ብሎ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳ የተደረደረ አግዳሚ ሆኖ፣ ጭነቱ በመካከል በገመድ ይታሰር ነበር። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ከተቀመጠው ሰው ጋር በጆንያው ላይ አሻግሮ እየተያየ፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፣ ጆሮው እየተደፈነ ይሄዳል። የአየር ግፊት የሚጠበቅበት ክፍል ስላልነበራት ከፍ ባለች ቍጥር ብርዱና የአየሩ መሳሳት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለደጋ ሰው ግን ይህ ብርቅ አልነበረም።

በ1954 ዓ.ም. የቱሪስት ድርጅት ተቋቁሞ፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የ13 ወር ጸጋ በሚለው መፈክር የአገሪቱን ስም ለዓለም ማስተዋወቅ ከጀመሩ ወዲህ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱምና ላሊበላ የታሪክ መስመር ተብለው በአንድ ክር ተያያዙ። ላሊበላ ያን ጊዜ ማረፊያ ያላት ለስሙ ነበር፤ ዳኮታ የምታርፈው በተመነጠረ የሣርና የአፈር ሜዳ ላይ ነው። አውሮፕላን የሚመጣበት ቀን እረኛው ከብቱን ከሜዳው ያወጣል፤ አብራሪው አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ዞሮ ሜዳው ነጻ መሆኑን፣ ነፋሱም ከወዴት እንደሚነፍስ አይቶ ነው የሚወርደው። ክረምት ሲገባ አፈሩ ጭቃ ስለሚሆን ማረፊያው ይዘጋል፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም በጎንደርና በላሊበላ መካከል የበረራ ጊዜ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ርቀቱ ተመልሶ የበቅሎ ርቀት ይሆናል። ለላስታ ሰው በሰማይ መንገድ መሄድ እንግዳ ወሬ አልነበረም እንጂ፣ ቢሆን ኖሮ ይህ የዳኮታ ነገር ባስደነገጠው ነበር፤ በገድሉ እንደ ተጻፈ ቅዱስ ላሊበላ መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሞተ በተኛ ጊዜ መላእክት ወደ ሰማያት አውጥተው የሚሠራቸውን አብያተ ክርስቲያናት አሳይተውታልና።

እዚህ ላይ የጊዜውን ሂሳብ ማስላት ይገባል፤ ብዙ ሰው አውሮፕላን በፈጠነ ቍጥር የበረራው ጊዜ በዚያው ልክ የሚያጥር ይመስለዋል። ዳኮታ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትሄድ ከአዘዞ እስከ ሹምሸሃ ያለው ርቀት ብቻውን ወደ 40 ደቂቃ ይወስድባታል፤ መነሣቱና ማረፉ ሲጨመርበት ወደ 50 ደቂቃ ይጠጋል። የዛሬው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል፤ ሂሳቡ ቀጥታ ቢሆን ኖሮ በ18 ደቂቃ መድረስ ነበረበት። ነገር ግን ርቀቱ አጭር ስለ ሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይጠግብ መውረድ ይጀምራል። ሁለቱም ማረፊያዎች ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላሉ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ክንፍ የሚያነሣው አየር ሲሳሳ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ጭነቱ ይቀነሳል፣ መውጣቱም ይዘገያል። በዙሪያውም ተራራ ስላለ አብራሪው እንደ ልቡ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ዞሮ ሸለቆውን ተከትሎ ነው ከሹምሸሃ የሚደርሰው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው የቀነሰው በሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ተራራው ከዐፄ ቴዎድሮስ ስድስት ወር እንደ ተቀበለ፣ ከአውሮፕላኑም ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ግብሩን ይቀበላል።

ከዳኮታ በኋላ የመጡት አውሮፕላኖች ታሪክ ብዙ ሐተታ አያሻውም። በአጭር ሜዳ የምታርፈው ትዊን ኦተር፣ ኤቲአር 42፣ ፎከር 50፣ መጨረሻም ኪው 400 እየተተካኩ አገለገሉ። ላሊበላም የኋላ ኋላ በሹምሸሃ አስፋልት የለበሰ ማረፊያ ስለ ተሠራላት ክረምቱ ሊዘጋት አልቻለም። ለብዙ ዓመታት አንድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥታ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እየነካች ትዞር ነበር፤ በየማረፊያው ጥቂቶች ይወርዳሉ፣ ጥቂቶች ይሳፈራሉ፣ የአንዱ ከተማ ጋዜጣና ደብዳቤ ለሌላው ይደርሳል። የቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978፣ የፋሲል ግቢም በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ በዚህች አጭር መስመር ላይ የሚቀመጠው አብዛኛው ተሳፋሪ የሩቅ አገር ጎብኚ ሆነ። ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሁሉ ግን መስመሩ ከሁሉ ቀድሞ ይቋረጣል፤ በደርግ ዘመን እንደ ሆነው ሁሉ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍም በረራው ቆሞ ነበር።

በደርግ ዘመን ቻይናውያን መሐንዲሶች ከወረታ እስከ ወልድያ የሠሩት መንገድ ለአገሬው ሰው ከአውሮፕላኑ የበለጠ ነገር አድርጎለታል። እህል ጫነበት፣ ሕመምተኛ አወረደበት፣ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ላከበት፤ እስከ ዛሬም የቻይና መንገድ ብሎ ይጠራዋል። አውሮፕላኑ ርቀቱን አሳጠረ የሚለው ቃል ለማን እንደሚነገር መጠየቅ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ለተሳፋሪው እንኳ ቢሆን ግማሽ ሰዓት የተባለው ጊዜ ሙሉ እውነት አይደለም። ከጎንደር ፒያሳ እስከ አዘዞ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ በማረፊያው ፍተሻውና ጥበቃው ሰዓት አንድም ሁለትም ይወስዳል፤ ከሹምሸሃ እስከ ላሊበላ ከተማ ያለው 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አቀበት ደግሞ ከበረራው ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ሳይሞላ ከተማይቱ በ2,500 ሜትር ላይ ስለምትገኝ፣ አውሮፕላኑ ያሸነፈውን ተራራ መንገደኛው በመጨረሻ በመኪና ሊወጣው ግድ ነው። የደርሶ መልስ ትኬቱን ዋጋ ለመክፈል የአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ ስንት ጥማድ ማረስ እንዳለበት ያልቈጠረ ሰው ስለ ርቀት መናገር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ነገሥታቱ ያደሩባቸው ሰፈሮች በዜና መዋዕል ተጽፈውልናል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ መንገድ በያዟቸው አውሮፓውያን እስረኞችና በእንግሊዝ ጦር ጸሓፊዎች ተመዝግቧል፤ የአውሮፕላኑ መነሻና መድረሻ በየቀኑ በደቂቃ ይጻፋል። ከጎንደርና ከደንብያ፣ ከበለሳና ከእብናት ተነሥቶ ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄደው ተሳላሚ የሚያድርባቸው ቤቶች፣ የሚሻገርባቸው መልካዎች፣ የሚያርፍባቸው የዛፍ ጥላዎች ግን በሽማግሌዎች አፍ ላይ ብቻ ይገኛሉ፤ አስፋልቱም እያደር መንገዱን እያስረሳ ነው። እንግዲህ ይህን የምታነብ ሰው ሆይ፣ ያን መንገድ በእግሩ የሄደ አባት ወይም እናት በቤትህ ካሉህ፣ የመጀመሪያውን ቀን የት እንዳደሩ፣ ሁለተኛውንም የት፣ ተከዜን በየትኛው መልካ እንደ ተሻገሩ ጠይቃቸውና የቦታዎቹን ስም በተርታ ጻፍ።